ብርዙን የጠጣው ጌሾ

ልጄ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ስድስተኛ ወሩን ሲይዝ አማቷ ከዋጉ ዝቋላ እኔ ወዳለሁበት ሰቆጣ መጡ። መጀመሪያ በእግራቸው፣ ከዚያ በመኪና ተጉዘው፣ በስልቻ የማሽላ ዱቄት ይዘው ነበር። የሰጠኋቸውን ውኃ ጠጥተው ሳይጨርሱ የመጡበትን ነገሩኝ። ልጄ በእሳቸው ቤት፣ ጽጽቃ አጠገብ እንድትወልድ ነው የፈለጉት።

በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በሴቲቱ እናት ቤት ነው። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፤ የራሳቸው ሴቶች ልጆች የበኩር ልጃቸውን ለመውለድ የመጡት እሳቸው ዘንድ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ቀላል አልነበረም። አነጋገራቸው ግን የጨዋ ነበር።

"እርስዎ ደክመዋል" አሉኝ። "ስኳር አለብዎ፣ ግፊት አለብዎ፣ ጉልበትዎ አይታዘዝልዎም። አራስ ደግሞ የሚጎነበስላትና የሚነሳላት ትፈልጋለች። እኔ ደረቅ እንጨት ነኝ፤ ብጎነበስም አልሰበርም።"

ወፍራም ነዎት አላሉኝም። ግን እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው እኔ አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጥኩት ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። በርጩማ ላይ ከተቀመጥኩ የሚያነሳኝ ሰው ያስፈልገኛል።

እኔ ፈሪ እናት ነኝ። ልጄ መንገድ ስትጀምር እደውላለሁ፣ መኪና ስትሳፈር እደውላለሁ፣ ስትደርስ እደውላለሁ፤ ስልኳ ካልሠራ ለአንድ ጎረቤቷ እደውላለሁ። ጽጽቃ ላይ ጤና ጣቢያ መኖሩን አውቃለሁ። ነገር ግን ምጡ ቢከብድ ወደ ሰቆጣ የሚያመጣት ያ መንገድ ነው። እኔ ቤት ብትሆን ሆስፒታሉ እዚሁ ነው፤ ከደጃፌ ቆሜ ጣሪያውን አየዋለሁ። ስለ ወግ ብቻ አልነበረም የምጨነቀው፤ ስለዚያ መንገድ ነበር።

ለሴትየዋ ይህን አልነገርኳቸውም፤ አገራቸውን የናቅሁ እንዳይመስላቸው ፈራሁ። እስከ ጥር ጊዜ ይስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። በጥር ቀጠሮዬ ሐኪም ቤት ያሉት አራስ ማረስ ትችያለሽ ካሉኝ ልጄ እዚህ ትወልዳለች፤ አትችይም ካሉኝ አፌን ይዤ ወደ እሳቸው እሸኛታለሁ አልኩ። ትንሽ አሰቡና እሺ አሉ። በማግሥቱ ማልደው ተነሥተው ሄዱ፤ ደጃፌ ላይ ያለውን ዳገት እንደ ፍየል ሲወጡት ከኋላቸው ቆሜ አየሁ።

ከባሏ ጋር ሥራዋ ባለበት ከተማ የምትኖረው ልጄ በስልክ ጉዳዩን ስትሰማ፣ "እማ፣ እኔ አንቺ ዘንድ ነው የምፈልገው" አለችኝ። "ግን አንቺን ገድዬ መውለድ አልፈልግም።"

እንዲህ ከባድ ሆኜ አልተወለድኩም። በልጅነቴ፣ በዚያ ክፉ ቀን፣ እግሬ ከአጥንት በቀር የያዘው ነገር አልነበረም ይሉኛል የሚያውቁኝ። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቁሜ አገባሁ፤ ያኔም ቀጭን ነበርኩ። የወፈርኩት በልጆቼ ገበታ ነው። አምስት ልጆች አሳድጌያለሁ። አንዱ ሁለት ጉርሻ ያስቀራል፣ ሌላዋ የእንጀራውን ጫፍ ትተዋለች፣ ትንሹ ወጡን ብቻ ጠርጎ ይነሣል። እኔ ራሴ በላሁም አልበላሁም ያንን መጨረስ የእኔ ሥራ ነበር። እህል መድፋት አልችልም። እህል ያጣ ሰው ዓይን ምን እንደሚመስል ያየ ሰው እህል አይደፋም። እናም ልጆቼ ሲጠግቡ እኔ ሁለት ጊዜ እጠግብ ነበር።

ስወፍር የከለከለኝ ሰውም የለም። እንዲያውም ገበያ ስወጣ "ሰው መሰልሽ፣ ተመችቶሻል" ይሉኝ ነበር። ባለቤቴም ደስ ይለው ነበር፤ ሚስቱ የተራበች እንዳልሆነች አገር ሁሉ አየለት። እኔም ደስ ይለኝ ነበር ብል ውሸት አይደለም። ከዚያ ጉልበቴ ጀመረኝ። ቀጥሎ ስተኛ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ባለቤቴን ከእንቅልፉ መቀስቀስ ጀመርኩ። ካቻምና ራሴን ስቼ ከገበያ ወደ ሆስፒታል ሲወስዱኝ የግፊት መለኪያው ጨርቅ በክንዴ ዙሪያ አልደርስ አለ። ሲስተሯ ሌላ ሰፊ ጨርቅ ፍለጋ ከክፍል ክፍል ስትዞር፣ እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ በሰው ሁሉ ፊት ተቀመጥኩ። ያን ቀን ግፊትም ስኳርም አለብሽ ተባልኩ።

ሲስተሯ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ልጅ ናት፤ ከትልቋ ልጄ ብዙ አትበልጥም። ደግ ናት፤ ቀስ ብላ ታስረዳለች። ስኳር ይተዉ፣ ለስላሳ ይተዉ፣ እንጀራ ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ ኪኒንዎን አይርሱ ተባልኩ። ሁሉንም እንደ ትእዛዝ ያዝኩት። ከቤቴ ስኳር አወጣሁ። ለእንግዳ እንኳ አልገዛም። የኪኒኖቼን ሰዓት ከግድግዳው ላይ በእርሳስ ጻፍኩ። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ፣ ኪኒኑ ያለ ምግብ አይሆንም ብዬ ስነግራቸው፣ በጾም ቀን ጠዋት ትንሽ ቀምሼ እንድውጥ ፈቀዱልኝ። መጀመሪያ ሰሞን በሩን ዘግቼ ነበር የምቀምሰው።

ስኳሬ ግን አልወረደም። በየቀጠሮው ሲስተሯ ደሜን ለክታ ቁጥሩን ታይና ፊቷ ይጨልማል። ኪኒኑን ጨመረችልኝ፤ አልወረደም። አማትየዋ ከመጡ በኋላ፣ በኅዳር፣ ልጄን ማረስ እችል እንደሆነ ስጠይቃት መልስ ከመስጠቷ በፊት ካርዴን ወደ ኋላ ገልጣ አየችው። እንዲህ እንዳለ ከቀጠለ በጥር ወደ መርፌ እንገባለን አለችኝ፤ እግሬም ማበጡን ካላቆመ፣ ሌላ ሰው ማረስ ቀርቶ እኔው ራሴ የሚያርሰኝ እንደሚያስፈልገኝ ነገረችኝ። ሆን ብላ አይደለም ያስፈራራችኝ። እውነቱን ነው የነገረችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ሁሉ ጥር ሆነ። የገበታውን ትራፊ መጨረስ ተውኩና ለዶሮዎቹ መስጠት ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ቀን ፊቴን አዙሬ ነው የበተንኩላቸው። ጠዋት ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ከቤቴ በላይ ያለውን ዳገት እጀምራለሁ። የመጀመሪያ ቀን እስከ ጎረቤቴ አጥር ደረስኩ። በሳምንቱ እስከ ወፍጮ ቤቱ። ልጆች ይከተሉኝ ነበር፤ አንዷ "እትዬ፣ ምን ጠፍቶብዎ ነው?" አለችኝ። ሥጋዬን እየጣልኩ ነው ስላት ልታገኘው ፈልጋ ወደ መሬት አየች። ልብሴ ትንሽ ሰፋኝ። እግሬም ማበጡን ቀነሰ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ተደስቼ ሄድኩ፤ ስኳሬ ከኅዳሩ በለጠ።

ሲስተሯ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። ኪኒኑን እውነት ይወስዱታል ወይ የሚል ነገር በትሕትና ጠየቀችኝ። ዕንባዬ መጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የያዝኩት ነገር አልነበረም። እሷም አየችኝና ጥያቄዋን ተወች። ከዚያ እጆቿን አጣጥፋ፣ ትናንት ከእንቅልፌ ከተነሣሁ ጀምሮ የሠራሁትን ሁሉ አንድ በአንድ እንድነግራት ለመነችኝ፣ ጸሎቴን ጨምሮ።

ነገርኳት። ተነሣሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ጸለይኩ፣ ብርዜን ጠጣሁ፣ ኪኒኔን ዋጥኩ አልኩ።

"ቆይ" አለች። "የምን ብርዝ ነው የጠጡት?"

"የማር ውኃ ነዋ። ስኳር አይደለም።"

"ማር?"

"የራሳችን ማር ነው። መድኃኒት ነው፤ ባለቤቴ ነው የሚበጠብጥልኝ።"

ስንት ብርጭቆ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፤ ለሻዩ ደግሞ በስኳር ፈንታ አንድ አንድ ማንኪያ አልኳት። ከመቼ ጀምሮ አለች። ካቻምና ስኳር ካላችሁኝ ቀን ጀምሮ አልኩ። ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። የምትስቅ መሰለኝ፤ የምታለቅስም መሰለኝ። ከዚያ እጄን ይዛ፣ ማርም በደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር እንደሆነ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ እጅ ስናወጣ በሌላ እጅ ስንሞላ እንደኖርን ነገረችኝ።

ለምን እስከዚያ ቀን አልነገርኳትም? አልጠየቀችኝም፤ እኔም ምግብ ነው ብዬ አልቆጠርኩትም። በዋግ ማር መድኃኒት ነው። ለጉንፋን ማር ነው፣ ለሆድ ማር ነው፣ ለቁስል ማር ነው፣ ለአራስ ማር ነው። በጾም እንኳ አይከለከልም። ክረምቱ ሲወጣ ግርቢያ የሚባለው ተክል በአበባው ተራራውን ነጭ ሲያለብሰው ንቦቹ ከእርሱ የሚያመጡትን ነጭ ማር ያየ ሰው፣ ይህና የሱቅ ስኳር አንድ ነው ቢሉት አያምንም። እኔም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ በግማሽ ነው ያመንኩት።

የከበደኝ ግን ማሩን መተው አልነበረም። የከበደኝ ባለቤቴ ነው።

ባለቤቴ ንብ አርቢ ነው። ከአባቱ የወረሰው ሙያ ነው። ከቤታችን ጀርባ በግድግዳው ጥግ የተደረደሩት ቀፎዎች የእሱ ሌሎች ልጆች ናቸው። ቤተሰቡ የአገዎቹን ቋንቋ ኽምጣኛን የሚናገር ነው፤ ንቦቹን የሚያናግራቸው በኽምጣኛ ነው፣ እኔን የሚቆጣኝ በአማርኛ ነው። ለንቦቹ የሚናገረው ቃል ሁልጊዜ ለስለስ ይላል፤ አንድ ቀን ለምን እኔንም እንደ እነሱ አታናግረኝም ስለው፣ አንቺ ማር አትሰጪም አለኝ። ስኳር አለብሽ የተባልኩ ቀን እስኪመሽ ከቀፎዎቹ አጠገብ አልተለየም። በማግሥቱ ጠዋት ግን ብርዝ በብርጭቆ ይዞ አልጋዬ አጠገብ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት አንድ ጠዋት አላስቀረም። ታሞ እንኳ ተነሥቶ ይበጠብጥልኝ ነበር። ምርጡን ነጭ ማር ለገበያ ማውጣት ትቶ ለእኔ ያስቀምጥ ነበር። ማር አትሰጪም ያለኝ ሰው ማሩን ሁሉ ለእኔ አደረገው። ለዚህ ሰው፣ ያሳመመኝ ያንተ ብርጭቆ ነው ብዬ እንዴት እነግረዋለሁ?

አልነገርኩትም። ጠንቃቃ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሲጠነቀቅ ይሳሳታል። ብርዙን ስቀበለው እንደ ወትሮው "ተባረክ" እለዋለሁ፤ እሱ ወደ ቀፎዎቹ ሲሄድ፣ እኔ በጓሮ በር ወጥቼ ጌሾው ሥር እደፋዋለሁ። እህል መድፋት የማልችል ሴት ማር ደፋሁ። ብርጭቆውን አለቅልቄ እመልሳለሁ። እንዲህ ሆኖ ስምንት ወይም ዘጠኝ ቀን ሄደ።

ጊዜው በጋ ነው፤ አበባ አልቋል። አንድ ጠዋት ባለቤቴ ጓሮ ቆሞ ወደ መሬት ሲመለከት አየሁት። ንቦቹ ጌሾው ሥር ተሰብስበው፣ መሬቱን ሸፍነው ይልሱ ነበር። እሱ ደግሞ የንብን ነገር ከእኔ የጥርስ ሕመም በላይ የሚያውቅ ሰው ነው። ተጎነበሰ፤ አፈሩን በጣቱ ነካና ቀመሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። በሩ ላይ ባዶ ብርጭቆ ይዤ ቆሜ ነበር፤ መደበቂያ አልነበረኝም።

"ማርና ጌሾ አገናኝተሽ" አለኝ፣ "መሬት ላይ ጠጅ ልትጥይ ነው?"

ቀልድ ነበር፣ ግን ፊቱ አልሳቀም። እዚያው ነገርኩት። ሲስተሯ የነገረችኝን ሁሉ፣ ቁጥሩን፣ መርፌውን፣ ጥርን፣ የልጃችንን መውለጃ። ለምን እንደደበቅሁትም ነገርኩት። ንቦቹ በእግሩ ዙሪያ ይዞሩ ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም።

"እኔ ነኝ እንግዲህ ሁለት ዓመት ያሳመምኩሽ" አለ።

"አንተ አይደለህም። ሁለታችንም አላወቅንም።"

"ባውቅስ ኖሮ?"

"እኔስ ባውቅ ኖሮ እጠጣው ነበር?"

ምሳውን ሳይበላ ዋለ። ተቆጥቶ እንደሆነ አላወቅሁም። በማግሥቱ ጠዋት ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ወደ ሆስፒታል ምሪኝ አለኝ። ሲስተሯ ፊት ተቀምጦ፣ ንብ ከአበባ እንጂ ከፋብሪካ እንደማታመጣ፣ አባቱ ማር እየበላ መቶ ዓመት ሊሞላው ምን ያህል እንደቀረው፣ ማር የሚጎዳ ከሆነ መጻሕፍት ለምን እንደሚያመሰግኑት አስረዳት። ሲስተሯ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ፣ አባትዎ ስኳር ነበረባቸው ወይ ብላ ጠየቀችው። አልነበረባቸውም። ሚስትዎስ አለች። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ማሩ ጥሩ ማር ነው፣ ለጤነኛ ሰው የተመረጠ ነው፣ ለእኒህ እናት ግን እሳት ላይ እንጨት ነው አለችው። ከዚያ፣ ወይ ለማጽናናት ይሁን ወይ እውነት ፈልጋ፣ ከዚህ ማር ትንሽ ለራሷ የምትገዛበትን ጠየቀችው። ከጓሮው ቀን ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። አይሸጥም፣ ለልጄ አራስነት የተቀመጠ ነው አላት። በኋላ አንድ ሙሉ ጣሳ ልኮላታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ምን ይዞ እንደሚመጣ ጨነቀው። ሁለት ቀን ባዶ እጁን አልጋዬ አጠገብ ቆሞ፣ እንደምን አደርሽ ብሎኝ ይሄዳል፤ እጆቹ ሥራ ያጡ ይመስሉ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጫማዬን ይዞ መጣ። አንድ ላይ እንሂድ አለ። ዳገቱን እሱ በፍጥነት ነው የሚወጣው፤ ንብ ፍለጋ ገደል የለመደ ሰው ነው። ለእኔ ሲል እንደ ሽማግሌ መራመድ ተማረ። መቆም ስፈልግ፣ ደከመሽ ብሎ አይጠይቀኝም፤ ድንገት አንድ ቁጥቋጦ ላይ ንብ ያየ ይመስል ቆሞ ይመለከታል፣ ትንፋሼ እስኪመለስ። መጀመሪያ እውነት ንብ ያየ መስሎኝ ነበር።

ጥር ላይ ቀጠሮዬ ደረሰ። ሲስተሯ ለካችኝ። ቁጥሩን ለሁለተኛ ጊዜ አየችው። የጤነኛ ሰው ቁጥር አልነበረም፤ ከታኅሣሡ ግን በብዙ ወርዶ ነበር። መርፌው ለጊዜው ይቆይ አለች። ግፊቴ እንደነበረ ነው። ክብደቴ ወርዷል፣ ሚዛኑ ግን አሁንም ከባድ ሴት እንደሆንኩ ይናገራል። ስለ ልጄ ጠየቅኋት። ሲስተሯ እንዲህ አለችኝ፤ እርስዎ ዘንድ ትምጣ፣ እዚህ ሆስፒታል ትውለድና ወደ ቤትዎ ትመለስ፤ አጠገቧ ይሁኑ፤ ነገር ግን ውኃ አይሸከሙ፣ ሲነሡ ሲቀመጡ አይዋሉ፣ መኝታዎን አይዝለሉ።

ግማሽ መልስ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያንን ግማሽ አገላብጬ አየሁት። ለአማትየዋ ደውዬ ሲስተሯ ፈቀደችልኝ ብል ውሸት አይሆንም፤ ግማሹን ብቻ መናገር ነው። ልጄ እዚህ ትመጣለች። ውኃውን ማን ይሸከማል? እኔ እሸከማለሁ፣ ማንም ሳያይ። ከባለቤቴ ተደብቄ ብርዝ የደፋሁበት ጓሮ ያኔ ትዝ አለኝ፤ አሁንም እውነቱን በስውር ልደፋ እንደሆነ ገባኝ።

ስልኩን አነሣሁና ለአማትየዋ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማሩን ጨምሮ። ማሩን ሲሰሙ የሳቁ መሰለኝ። ልጄ እዚህ ብትወልድ ሆስፒታሉ ቅርብ መሆኑን፣ ስለዚያ መንገድ ያለኝን ፍርሃት፣ እሳቸውን ላለማስቀየም ስል እስከዚያ መደበቄን ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ የምፈራውን ተናገርኩ።

"አጠገቧ መቀመጥ እችላለሁ" አልኩ። "መጎንበስ አልችልም። እርስዎ እኔ ቤት ይምጡ።"

በእኛ ወግ ይህ የሚባል ነገር አይደለም። አማት በምራቷ እናት ቤት አራስ አታርስም፤ እንግዳ ሆና ትመጣለች፣ ገንፎ በልታ፣ መርቃ ትመለሳለች።

"እኔ ልጎንበስ፣ እርስዎ ይቀመጡ ነው የሚሉት?" አሉኝ።

"ነው።"

"ፍየሎቹንስ ማን ያያቸዋል?"

ያንን ሲሉ እንደሚመጡ አወቅሁ። እምቢ የሚል ሰው ስለ ፍየል አይጠይቅም።

የካቲት ላይ መጡ፤ ልጄም የወሊድ ፈቃዷን ይዛ አብራ መጣች። ሆዷን ብቻ አይደለም ያየሁት፤ እሷም ሳይታወቀኝ ወፍራለች። የእኔን ደም ወርሳ እንዳይሆን ብዬ በዚያው ዕለት ወደ ሲስተሯ ወሰድኳት፤ ስኳሯ ደህና ነበር። ሲስተሯ ከአራስነት በኋላ ደግሞ እናያታለን አለችኝ። ልጄ በመንገድ ላይ፣ "እማ፣ መጀመሪያ ሰላም በይኝ" አለችኝ። እውነትም ሰላም አላልኳትም ነበር።

ምጡ አንድ ቀን ሙሉ ቆየ። ሆስፒታል ወሰድናት። መንገዱ አጭር ነበር፤ በባጃጅ ሦስታችን ስንገባ እኔ አንዱን ወገን ሞላሁት፣ አማትየዋ እንደ ዱላ ጥግ ላይ ቆሙ እንጂ አልተቀመጡም ማለት ይቻላል። ሴት ልጅ ወለደች። ልጄን ትንሽ የደም መፍሰስ አስቸግሯት ሐኪሞቹ ሲሯሯጡ፣ አማትየዋ እጄን ይዘው፣ "ይሄኔ መንገዱ ላይ ነበርን" አሉኝ። በሁለተኛው ቀን ደህና ሆና ወደ ቤት ወጣን።

ያንን ወር እንዴት ልንገራችሁ። እሳቸው ውኃ ይሸከማሉ፣ ገንፎ ያገነፋሉ፣ አራሷን ያጥባሉ፤ ባለቤቴ ያስቀመጠውን ማር ለልጁ ያወጣል። እኔ ሕፃኗን ይዤ እቀመጣለሁ። ጎረቤት ለእንኳን ማርያም ማረችሽ ሲመጣ፣ ከሁለታችን የቤቱ እመቤት የትኛዋ እንደሆነች ይጠፋበታል። አማትየዋ ይቀልዱብኝ ነበር። "እርስዎ መሶብ ነዎት" ይሉኛል፣ "አንዴ የተቀመጡበት ቦታ ሰው ይሰበሰባል። እኔ ወስፌ ነኝ፤ ገብቼ እወጣለሁ።" እኔም መሶቡን የሰፋው ወስፌው ነው እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የቤቴን ዕቃ ከእኔ ቀድመው ሲያነሱ ደስ አላለኝም፤ ድስቱን የማኖርበትን ቦታ ሲለውጡ ተነሥቼ እመልሰው ነበር። አንድ ቀን ለመመለስ ስነሣ፣ "ለዚህ ለዚህማ ጉልበት አለዎ" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ድስቱን ባኖሩበት ተውኩት፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

ጠዋት ጠዋት እሳቸው ሥራቸውን ሲጨርሱ እኔና ባለቤቴ ወደ ዳገቱ እንወጣለን። ቁጥሬ አንዳንድ ወር ይወርዳል፣ አንዳንድ ወር ይወጣል። ሲስተሯ ይህ ዕድሜ ልክ የሚሄድ ነገር ነው ብላኛለች፤ ሲወጣ እንዳልደነግጥ፣ ሲወርድም እንዳልዝናና። መደንገጡን አልተውኩትም።

አማትየዋ ሊሄዱ ሲነሡ ሕፃኗን ስመው ሰጡኝ። ለክርስትናዋ ተመልሼ እመጣለሁ፣ አሁን ግን ቤቴ ሰው የለውም አሉ። በሩ ላይ ቆሙ።

"ሁለተኛው ግን በእኔ ቤት ነው" አሉኝ።

ወጉም እንደዚያ ነው፤ ከበኩሩ በኋላ ያለው በባሏ አገር ይወለዳል። ልጄ ከውስጥ ሆና፣ ይሄኛዋንም ገና አላሳደግኋትም ብላ ጮኸች። ሁለታችንም አልሰማናትም። እሺ አልኳቸው። መኪናው ከሚያወርደኝ ቦታ እስከ ቤታቸው ምን ያህል እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"ለእኔ አንድ ሰዓት ነው። ለእርስዎ በቅሎ እንልካለን።"

"የበቅሎዋ ኃጢአት ምንድን ነው? በእግሬ እመጣለሁ።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ በክፋት አልነበረም፣ ዕቃ እንደሚጭን ሰው ነበር ያዩኝ። እኔም መንገዱ ላይ መቀመጫ አለ ወይ አልኳቸው። ስልቻቸውን መልሰው መሬት አስቀመጡና በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ከመኪናው እንደወረዱ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከወንዙ ማዶ ትልቁ ሾላ፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥላ፣ ከዚያ የእህታቸው ደጃፍ። ከሾላው እስከ ግንቡ ዳገት ነው ወይስ ሜዳ አልኩ። ዳገት ነው አሉ። እንግዲያው በመሐሉ አንድ ነገር ያስፈልገኛል አልኳቸው። አሰቡ። አንድ የወደቀ ግንድ አለ፣ እስከዚያ ሰው ለማገዶ ካልወሰደው አሉኝ፤ እንዳይወስዱት እነግራቸዋለሁ አሉ። እንዳልረሳው ከመጀመሪያው ጀምረው እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው፤ እሳቸውም ደገሙልኝ።